ስንተኛ ጊዜህ ነው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሚጀምረው አዘዞ ላይ፣ መንገድ ከሚለያይበት ቦታ ነው።

ከጎንደር ቁልቁል ወርዳችሁ አዘዞ ስትደርሱ አገሩ በሦስት ይከፈላል። አንዱ መንገድ በማክሰኝትና በአዲስ ዘመን አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። አንዱ በአይከል በኩል ቆላውን እያቆራረጠ መተማ ይወርዳል። ሌላው ደንቢያን ዘልቆ፣ ቆላ ድባን አልፎ፣ ጎርጎራ ላይ ጣናን ይሳለማል። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሁሉም አዘዞን ሳይረግጥ አያልፍም። በሽታም እንደዚሁ። አፄ ሱስንዮስ አዘዞ ላይ ስላሳነጹት ገነተ ኢየሱስ ታሪክ አዋቂ ይንገራችሁ፤ እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የመድኃኒት ቤት መስኮት ነው።

ኅዳር ነበር። የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ጎረምሶቹ ከመተማ በኩል እየተጫኑ የሚመለሱበት ሰሞን። እኔ ራሴን አሞኝ ፓራሲታሞል ልገዛ ተራ ይዣለሁ። ከፊቴ አንድ ልጅ ቆሟል። ዕድሜው ከሃያ ቢያልፍ በአንድ በሁለት ነው። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል።

«የወባ መድኃኒት ስጪኝ፣ እኅቴ።»

«ማዘዣ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም። ወባ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

በመስኮቱ ውስጥ የቆመችው ልጅ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች፤ ወዲያው መለሰችው። «ስንተኛ ጊዜህ ነው?» አለችው።

እሱም በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አንዱን እዚያው እርሻው ላይ ሰጥተውታል። ሁለተኛውን ሽኸዲ ከተማ ገዝቷል። ይኼ ሦስተኛው ነው። ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው? ወር ሊሞላው ነው። ምግብስ? ምግብ ካስጠላው ቆይቷል። ልጅቱ ከመስኮቱ ጎንበስ ብላ ወገቡን አየች። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ፋብሪካ ከሠራቸው ከመጨረሻው ቀዳዳም አልፈው። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከስቶ ከስቶ፣ ሱሪው እንዳይወልቅ ቀበቶውን እዚያ አድርሶታል።

መድኃኒቱን አልሸጠችለትም። ከደብተሯ ላይ ወረቀት ቀደደችና ጻፈች፦ ከመተማ የመጣ ነው፣ ትኩሳቱ አንድ ወር ሊሞላው ነው፣ የወባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሷል፣ ከስቷል። አጣጥፋ ሰጠችው። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ። ይቺን ወረቀት ለሐኪሙ ስጥልኝ። ለነገ እንዳትል፣ በእናትህ!» አለችው። ባጃጅም ጠራችለት።

ይኸው ነው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። የጨረር ምርመራ የለ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ የለ። አንዲት ጥያቄና አንድ ብጣሽ ወረቀት። እኔ ግን ያቺ ጥያቄ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የገባኝ ወደ ኋላ ተመልሼ የሌላውን መንገድ፣ የአዲስ ዘመኑን መንገድ ታሪክ ሳስታውስ ነው።

ሊቦ ከምከምን ታውቃላችሁ፤ ከአዘዞ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ አዲስ ዘመን ከተማዋ ናት። በ1997 ዓ.ም. ግድም እዚያ ደጋ ላይ ሰው እየተኮሰው፣ እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ይሞት ጀመር። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ። አልሻል ሲል መድኃኒት የማይመልሰው ወባ ነው ተባለ። ሰዉ እንደገና ዋጠ፤ እንደገና ተቀበረ። በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የአገራችን ባለሙያዎች መርምረው ሲያዩት በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ ሰው እምብዛም የማይተርፍበት ካላዛር። እስከዚያ ድረስ የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ተደርጎ ነበር የሚታሰበው። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ቆላ ወርደው በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ወደ ደጋው ሳይገባ አልቀረም ነው የሚባለው። መድኃኒቱም ሌላ ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለው የካላዛር ማዕከል በአብዛኛው ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀናት በየቀኑ ይሰጣል። የወባው መድኃኒት ኮአርተም ካላዛርን አይነካውም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው ለአንድ ሕመም ሦስት ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው? ሐኪሙ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ያያል፤ ሕመምተኛውም ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ይዞራል። ያቺን ሦስተኛዋን ግዢ የሚያያት በመስኮቱ ውስጥ የቆመው ሰው ነው፤ ፋርማሲስት ይሁን፣ ድራጊስት ይሁን፣ ቴክኒሻን ይሁን። ለብዙው የአገራችን ሰው የመጨረሻው ጤና ባለሙያ እሱ ነው። ማዘዣ ሳይዝ በቀጥታ ለሚመጣው ደግሞ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ነው። ታሪኬ ይህን ሰው ፈልገው ስለሄዱ ሰዎች ነው። ሥራዬ ብለው፣ የምርምር ዕድሜያቸውን ሰጥተው፣ «ይህ ሰው ምን ያውቃል? ምን ይጠይቃል? ለምንስ ዝም ይላል?» ብለው ስለመረመሩ የጎንደር መምህራን።

ወደ ሥሩ ልመልሳችሁ።

በ1953 እ.ኤ.አ. ደንቢያ ላይ ንዳድ ገባ። ወባ ማለት ነው፤ የአገሬው ሰው ንዳድ ይለዋል። ቆላ ድባና አካባቢው ላይ ወደ 7 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ለቅሶው ገና ሳይበርድ፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ተባብረው ያቋቋሙት ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ሰው ያሠለጥን ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ። ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ ወደ ቆላ ድባና ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ይልካቸዋል። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። አብረው እየኖሩ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት በዚያ ዘመን በአፍሪካ ብርቅ ነበር፤ እኔ እስከዛሬ ድረስ ሳስበው ልቤ ይሞቃል። በ1958 እ.ኤ.አ. ወባ እንደገና አገሪቱን ሲያጥለቀልቃት፣ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ በተገመተበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ የሠለጠነ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አገር ሁሉ አየ።

ነገር ግን ልብ በሉ። በዚያ ቡድን ውስጥ መድኃኒት አዳዩ የለም። መድኃኒቱ በሣጥን ይመጣል፤ ድሬሰሩ ወይም የተገኘው ሰው ይቆጥርና ይሰጣል። መድኃኒት ማደል እንደ ዕቃ ማደል ተቆጠረ። አዲስ አበባ ላይ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በ1961 እ.ኤ.አ. ሲከፈት እንኳ ተመራቂው ባመዛኙ የሚፈለገው ለቅመማ፣ ለፋብሪካ፣ ለመጋዘንና ለቁጥጥር ነበር። ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት አልነበረም፤ ዓለሙ ሁሉ እንዲሁ ያስብ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. አልማ አታ ላይ አገሮች ተሰብስበው ስለ መሠረታዊ ጤና እንክብካቤ ቃል ሲገቡ ከዘረዘሯቸው ስምንት ነገሮች አንዱ መሠረታዊ መድኃኒቶችን ማቅረብ ነው። ስለ መድኃኒቱ ተጻፈ። መድኃኒቱን ለሰው ስለሚያስረዳው ሰው ግን ብዙም አልተባለ።

ሐሳቡ የተገለበጠው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ቻርለስ ሄፕለርና ሊንዳ ስትራንድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መምህራን አንድ ጽሑፍ አወጡ። ፋርማሲስት ተጠያቂነቱ ለሰጠው ክኒን ብቻ መሆን የለበትም፤ ክኒኑ ሰውየው ላይ ላመጣው ለውጥ ጭምር ይጠየቅ አሉ። ሰውየው ዳነ? ሕመሙ ባሰበት? አቋረጠ? ይህን ማወቅ የእሱ ሥራ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አሽቪል በምትባል የአሜሪካ ከተማ የስኳር ሕመም ያለባቸው የከተማው ሠራተኞች በየሰፈራቸው ካሉ ፋርማሲስቶች ጋር እየተቀመጡ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ፋርማሲስቱም ለሚያማክርበት ጊዜ ተከፈለው፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። የሠራተኞቹ ስኳር ተስተካከለ፤ ከተማዋ ለሕክምና የምታወጣው ጠቅላላ ወጪም ቀነሰ።

ጎንደር ላይ የፋርማሲ ትምህርት የተጀመረው ይህ ሐሳብ ከተሰማ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ነው። ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ተለወጠ። አራት ዓመት የነበረው አምስት ሆነ። ተማሪው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ወደ መኝታ ክፍል ገባ፤ ከሐኪሞቹ ጋር ዙር መዞር፣ ካርድ ማገላበጥ፣ ሕመምተኛ ማነጋገር ጀመረ። ጅማም በ2009 እ.ኤ.አ. በክሊኒካል ፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረች። ከዚህ ትውልድ መካከል ነው የእኔ ታሪክ ሰዎች የወጡት።

የተማሩትን ይዘው ወደ ከተማው ሲወጡ ያዩት ግን ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ «ሕመምተኛውን አዳምጡ» ተብለዋል። ከተማው ውስጥ ሰው ተሰልፎ «ያቺን ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ስድስት ፍሬ ስጠኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ይሄዳል። ማስተማር ብቻውን አላረካቸውም። ይህን ነገር መዝግበን፣ ለክተን፣ ለዓለም እናሳይ ብለው ተነሡ።

እንዴት ለኩት? ዘዴውን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ባለ መድኃኒት ቤቱን «ያለ ማዘዣ ፀረ ተሕዋስያን ትሸጣለህ?» ብትሉት «በፍጹም!» ይላል። ማን አዎ ይላል? ስለዚህ ተመራማሪው ሰው አሠልጥኖ ይልካል። የተላከችው ሴት እናት ሆና ትገባለች። «ልጄን ተቅማጥ ይዞታል» ትላለች። የምትለው ቃል በቃል የተጠና ነው፤ ካልተጠየቀች አትጨምርም። ዕድሜው ስንት ነው? ደም አለው? ይጠጣል? ዓይኑ ጎድጉዷል? ብለው ቢጠይቋት መልስ አላት። ካልጠየቋት ዝም። ስትወጣ ጥግ ላይ ቆማ፣ ሳትረሳው፣ የሆነውን ሁሉ ቅጽ ላይ ትሞላለች። ምን ጠየቁኝ፣ ምን ሰጡኝ፣ እንዴት ውሰጂ አሉኝ። የቤቱ ስም አይጻፍም፤ ዓላማው ሰው ማዋረድ አይደለም።

አስናቀው አቻው አየለና ባልደረቦቻቸው በጎንደር ከተማ ቀላል ሕመሞች እንዴት እንደሚስተናገዱ በዚህ መንገድ አጥንተው በ2018 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት አወጡት። የተላኩት ሰዎች ከአብዛኛው ቤት መድኃኒት ይዘው ወጡ። ስለ ቀድሞ ሕመማቸው፣ ስለሚወስዱት ሌላ መድኃኒት የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት ዳንኤል አስፋው እርቁና አንድ ባልደረባቸው በሕፃናት ተቅማጥና በጉንፋን መሰል ሕመም ላይ ተመሳሳይ ጥናት አሳተሙ፤ ያለ ማዘዣ የሚሰጠውን ፀረ ተሕዋስያን ተከታትለው። ከዚያ አልፈው ባለሙያዎቹን ቁጭ አድርገው አነጋገሯቸው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች «አጠፋችሁ» ብለው ጽፈው አልሄዱም፤ «ለምን?» ብለው ተመለሱ። ባለሙያዎቹም መለሱላቸው፦ እኔ ብከለክለው ጎረቤቴ ይሸጥለታል። ባለቤቱ ገበያ እንዳይርቅ ይፈልጋል። ተቆጣጣሪ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሰዉም እንደ ሻጭ እንጂ እንደ ባለሙያ አያየኝም።

የሕፃን ተቅማጥ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ባብዛኛው ኦአርኤስና ዚንክ ነው። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በየጊዜው ማጠጣት፤ ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ማስጨረስ። ዋጋው ርካሽ ነው። የሚጠይቀው ማስረዳትን ነው። ማስረዳት ደግሞ የሚሸጥበት ዋጋ የለውም። ያልኳችሁን የአሽቪልን ነጥብ አስታውሱ፤ እዚያ ለምክሩ ተከፈለ። እኛ ዘንድ የሚከፈለው ለፍሬው ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ብዙ ፍሬ የሚሸጥ ያተርፋል፤ እንደዚያች የአዘዞ ልጅ ጠይቆ፣ መክሮ፣ ሳይሸጥ የሚመልስ ይከስራል። ይህ የሰው ክፋት አይደለም፤ ሥራው የታሰረበት ገመድ ነው።

ሌላም ስም ልጥራላችሁ። ሰውነት አድማሱ በላቸው። ከጎንደር የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ተነሥተው አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው የተመራመሩት በኩዊንስላንድ ፋርማሲዎች ላይ አይደለም። በአማራ ክልል ትናንሽ ከተሞች ስላሉ የመድኃኒት መደብሮች ነው። ትልልቆቹን ከተሞች ብዙ ሰው አጥንቷቸዋል፤ ፋርማሲስት የሌለባቸውን፣ አንድ ቴክኒሻን ብቻውን ጠዋት ከፍቶ ማታ የሚዘጋባቸውን ከተሞች ማን ያያቸዋል? እርሳቸው አዩአቸው፤ ሥራቸውም በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከጎንደር ለትምህርት ወጥተው በውጭ አገር የቀሩ አሉ፤ አገር እነሱን ማጣቷ ያሳዝነኛል። ግን ርቀው ሳለ እንኳ ጥያቄያቸው እዚሁ የእኛ መስኮት ላይ መሆኑ ያኮራኛል።

ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩልም ልንገራችሁ። ፀረ ተሕዋስያን በዘፈቀደ ሲወሰዱ ጀርሙ ይለምዳቸዋል። ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ለ2019 እ.ኤ.አ.፣ በተሠራ የዓለም ግምት መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። እኛም በ2011 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 1112 አለን፤ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥሩን የሚመራ። ሕጉ አለ። በሕጉና በመስኮቱ መካከል ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መስኮት እንሂድ፤ እዚያ ማዘዣ አለ፣ ችግሩ ሌላ ነው። በአሠራሩ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ ገጠር ከሆነ ለ25 ሺህ ሰው፣ ከተማ ከሆነ ለ40 ሺህ ሰው ያገለግላል። ያ ሁሉ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያልፈው በአንዲት መስኮት ነው። ብዙ ቦታ መስኮቷ ዝቅ ያለች ናት፤ ሰው ጎንብሶ ጆሮውን አስጠግቶ ነው የሚሰማው። ከኋላው ያለው ይገፋዋል። ከጎኑ ያለው ሕመሙን ይሰማዋል። አንዲት ሴት የአባላዘር መድኃኒት ይዛ «ባሌም መውሰድ አለበት ወይ?» ብላ በዚያ መስኮት እንዴት ትጠይቅ?

የወባውን ላሳያችሁ። ለአዋቂ የሚሰጠው ኮአርተም 24 ፍሬ ነው። በአንድ ጊዜ አራት አራት እያሉ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። «ከስምንት ሰዓት በኋላ» ስትሉት ብዙ ሰው የሚሰማው «ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ» ነው፤ ሁለት ሰዓት ጠዋት ላይ የጀመረ ሰው በስድስት ሰዓት ልዩነት ይውጠዋል፣ ሰባት ሰዓት ላይ የጀመረው ደግሞ በአንድ ሰዓት ልዩነት። «አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሁለተኛውን ማታ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሳትተኛ» ማለት ይገባል። ከዚያ ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ወተት ጠጣበት ይባላል። ዐቢይ ጾም ላይስ? ጿሚው ወተት አይቀምስም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል ውኃ አይልም። ያን ሰው የሚያውቅ መድኃኒት አዳይ «ዘይት በዛ ያለበት ሽሮ ይሠሩልህ፤ ስለ ጾሙም የንስሐ አባትህን አማክራቸው» ይለዋል። የማያውቅ «በወተት» ብሎ ይሸኘዋል፤ ሰውየውም ወይ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል፣ ወይ ጭራሽ ለፋሲካ ያቆየዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ወባው አንድ ነው። ልዩነቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

ጸበሉም እንደዚሁ ነው። ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት ያቋርጣል ሲባል፣ በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ስንት ሰው እንዳዳነ እግዚአብሔር ይወቀው። ያን ቃል በየዕለቱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው፣ በራሱ ቋንቋ የሚደግምለት ግን በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ደግሞ የተሻለ ነገር በአገራችን እንዳልታየ አታድርጉት። ከአዘዞ ጣናን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው አንድ አሠራር ተጀመረ። ቀድሞ የመድኃኒት ሽያጭ በብር ብቻ ይመዘገብ ነበር፤ ስንት ብር እንደገባ እንጂ የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ፍሬ፣ ለማን እንደወጣ አይታወቅም። አዲሱ አሠራር እያንዳንዱን ፍሬ በስሙና በዋጋው የሚያስመዘግብ፣ ኦዲት የሚደረግ ሆነ። ማዘዣ የሚያየው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና መድኃኒት ሰጥቶ የሚያስረዳው ሰው ተለያየ። የአማራ ክልል ሕግ አወጣለት፤ ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄደ። ገንዘብ ሲቆጥር ይውል የነበረው ባለሙያ ቀና ብሎ ሰው ማየት ቻለ። ከክልላችን የወጣ ሥራ ነው፤ በኩራት ልንናገረው ይገባል።

እንግዲህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ የምለው አለኝ። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ሆይ፣ መስኮቷን ከፍ አድርጓት፤ አጠገቧም አንዲት ወንበርና መጋረጃ አኑሩ። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለቲቢ ሕመምተኛ ቁጭ ብሎ መጠየቂያ ቦታ ይኑረው። የጤና መድን የምትመሩ ወገኖች፣ በየቀበሌው ሰው መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒት የለም ሲባል ወደ ግል መደብር እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ ያን መደብር ከሥርዓቱ ውጭ አትተዉት። ያማከረ ባለሙያ ላማከረበት የሚከፈልበትን መንገድ በአንድ ወረዳ እንኳ ሞክሩት። መምህራኑም ተመራማሪዎቹም እዚሁ ጎንደር አሉ፤ ሙከራውን መዝግበው ይነግሯችኋል። ከሰባ ዓመት በፊት ቆላ ድባ በተላከው ቡድን ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ዛሬ የሚቀመጥበት ሰው ተምሮ ቆሟል።

እናንተ ደግሞ፣ የምታነቡኝ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ የጨረሳችሁትን መድኃኒት ካርቶን አትጣሉት። አዘዞም ይሁን ማክሰኝት፣ ጤና ጣቢያም ይሁን የግል መደብር፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ይዛችሁት ቅረቡ። ባይጠይቋችሁም እናንተ ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «ይኼ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።»